በአያ ጢሞ ከንፈር ላይ

4፣ ሰኞ

ሾላው መርገፍ ጀመረ።

ዛሬ ጠዋት ፀጉር ቤቱን ከመክፈቴ በፊት ኩሬዋ ዘንድ ደርሼ ነበር። ድሮ ለጡብ ፋብሪካ ሸክላ የተቆፈረባት ጉድጓድ ናት። ፋብሪካው ሲዘጋ ውኃ ሞላት፣ ውኃውን ዓሣ ሞላው፣ ዳሩን ደግሞ እንደኔ ያለ ሰው ሞላው። ከወዲያ ማዶ ውኃው ላይ ካዘነበለው የሾላ ዛፍ አንዲት ፍሬ ጠብ ትላለች። ውኃው ክብ ይሠራል። ከክቡ መሀል ወፍራም ከንፈር ብቅ ይላል፣ ፍሬዋ የለችም። ድምፁ ሕፃን ጡት ሲለቅ የሚሰማውን ይመስላል። እሱን ስሰማ ሰዓቱን ረሳሁት፤ ሱቅ ስደርስ ሁለት ደንበኞች በር ላይ ቆመዋል። አንደኛው ኮቴን አሸተተና «ዛሬም ዓሣ ዘንድ ነበርክ» አለኝ።

እዚያ ዳር ሁሉም የሚያጠምደው በሊጥና በትል ነው፤ በዝንብ የማጠምደው እኔ ብቻ ነኝ። ዝንብ ስል እውነተኛዋን አይደለም። መንጠቆ ላይ ላባና ፀጉር በክር ጠምጥሜ የምሠራት፣ ነፍሳት የምትመስል ነገር ናት። መጻሕፍቱ ይህ ዘዴ ለቀዝቃዛ ወንዝና ለኩሩ ዓሣ ነው ይላሉ። የእኔዎቹ ዓሦች ግን፣ ካርፕ የሚባሉት፣ አፍንጫቸውን ጭቃ ውስጥ ቀብረው የሚውሉ ጢማሞች ናቸው። «ዝንብ ከፈለግክ ሥጋ ቤት ሂድ» ይለኛል የኩሬዋ ዘበኛ። ስለማይገባው አልፈርድበትም።

7፣ ሐሙስ

እህቴ ድንቡሼን ይዛ መጣች። የመጀመሪያ ፀጉር ቆረጣው ነው። ስንት ዓመት ደጅ ጠንታ ያገኘችው ልጅ ስለሆነ ቶንዶሱን ሳነሣ የእሷ ዓይን ቀድሞ እንባ ሞላ። ቶንዶሱን መልሼ በመቀስ ብቻ ሠራሁት። እናታችን ከሞተች በኋላ እሷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ድንቡሼ በአንድ በኩል የእህቴ ልጅ ነው፣ በሌላ በኩል የልጅ ልጄ ነው። ይህን ሂሳብ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከግንባሩ በላይ አንዲት የፀጉር ጥቅል አለችው። አለችው ማለቴ፣ ነበረችው።

«ጋሼ፣ ይቺን ጥቅል እንዳትጥልብኝ» አለች። «ወረቀት ላይ አድርግልኝና መጥቼ እወስዳታለሁ።» ልጁ ይጮህ ስለነበር እቅፍ አድርጋው ሮጠች። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፣ ወር ሙሉ የለም፤ ሁሉንም ነገር በሩጫ ነው የምትሠራው።

ማታ። ትንሿ ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ዝንብ የምሠራባት፣ ቢጫ የቀባናት ክፍል። ለምን ቢጫ እንደቀባናት ዛሬ ማንም አይጠይቅም፣ እኛም አናወራውም። ጥቅሏን ከወረቀቱ አወጣኋት፣ ለማየት ብቻ። የአዋቂ ፀጉር ውኃ ውስጥ ገብቶ ዱላ ይሆናል። የዳኛውን ሽበት ሞክሬዋለሁ፣ የአስተማሪውን ዞማ ሞክሬዋለሁ፣ አንድ ጊዜ የባለቤቴንም ሞክሬዋለሁ (አልነገርኳትም)። የዚህን ልጅ ፀጉር ግን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስነክራት ተነፈሰች። ሌላ ቃል የለኝም።

ባለቤቴ ከምትሠራበት የልብስ እጥበት ቤት ተመልሳ በር ላይ ቆመች። እንፋሎት እንፋሎት ትሸታለች።

«ምንድነው የምታየው?»

«ምንም።»

ብርጭቆውን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። የእኔ ሚስት ሾላ በድፍን ናት።

9፣ ቅዳሜ

ጉድ ሠራሁ።

ጥቅሏን መንጠቆ ላይ ጠምጥሜ ዝንብ አደረግኳት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ትዋኝ ብዬ ነው። አንድ ጊዜ አዋኝቻት፣ ከመንጠቆው ፈትቼ፣ አድርቄ ወደ ወረቀቷ ልመልሳት። ኩሬዋ በር ላይ ከመንጠቆ ጫፍ ወደ ኋላ የሚመለሰው እሾህ ሁሉ በጉጠት ተደፍጥጦ ይግባ የሚል ሕግ ተለጥፏል፤ ዓሣው ቢያመልጥ መንጠቆው በራሱ እንዲወልቅለት። የዚችን እሾህ አልደፈጠጥኩም። ጥቅሏ እንዳትጠፋ ብዬ ነው። ሞኝ አይሙት፣ እንዲያጫውት።

ክሩ አየር ላይ ተዘረጋ፣ ዝንቧ እንደ አቧራ ወረደች፣ ቀስ እያለች ሰመጠች። ፀጉሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ዘንግ መያዜን ረስቼ ቆሜ ሳለሁ ከሥር አንድ ጥላ መጣና አፉ ውስጥ ሳባት፤ ጥላው ዞረ፤ ቋጠሮው ተበጠሰ። ነገሩ ሁሉ ከአንድ ማስነጠስ አይበልጥም።

«አያ ጢሞ ነው» አለ ዘበኛው ከወንበሩ ሳይነሣ። «ጎኑ ላይ ቅርፊት የጎደለው። ጉትቻ አደረግክለት።»

10፣ እሑድ

እህቴ ደወለች። ጥቅሏን ጠየቀች። «ሱቅ ናት፣ አመጣልሻለሁ» አልኩ።

ውሸት ነው፣ ግን ትንሽ ነው። አያ ጢሞን ብይዘው እውነት ይሆናል።

12፣ ማክሰኞ

አየሁት። ፀሐይዋ ገና ጋደም እንዳለች ከዳሩ ሥር አለፈ፤ እንደ ከባድ በር መዝጊያ በዝግታ የሚዞር ዓሣ ነው። ጥቅሏ ከከንፈሩ ዳር ላይ፣ ከጢሞቹ ጎን እንደ ሌላ ጢም ትወዛወዛለች። አረንጓዴ ሽበት ጀምሯታል፤ የውኃ ሣር ነው። ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ተንበርክኬ አየሁት። እሱም ያየኝ መሰለኝ።

ዝንቦቼን ሁሉ ጣልኩለት። አፍንጫውን አስጠጋ፣ አሸተተ፣ ሄደ። አንዴ የተወጋ ልጅ ሲስተሯን ካየ ይበቃዋል።

14፣ ሐሙስ

ድንቡሼ ትኩሳት ያዘው። ጥርስ ነው አሉ። ጥርስ ይሆናል።

15፣ ዓርብ

ጥርስ አይደለም። ሆስፒታል አስተኙት። ሳንባው ነው።

16፣ ቅዳሜ

ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። የሕፃናቱ ክፍል አልጋዎች እንደ ሱቄ መደርደሪያ ጠባብ ናቸው። ድንቡሼ መሀል ላይ ተጋድሟል፤ ስሙን ያወጣንለት ጉንጩ የለም። እጁ ላይ መርፌ፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ፣ ደረቱ ላይ ሽቦ። እህቴ ከጎኑ ቆማ እጇን የምታደርግበት አጥታለች።

«እንዳቅፈው አይፈቅዱልኝም» አለች። «ጋሼ፣ ያቺን ጥቅሉን አምጣልኝ በቃ። እሷን እንኳ ልያዝ።»

ሌላ ነገር ብትጠይቀኝ ኖሮ። ሱቁን ሽጥ ብትለኝ እሸጠው ነበር።

«እሺ» አልኩ።

17፣ እሑድ

ሕልም አየሁ። ሱቄ ውስጥ ነኝ፣ ውኃው እስከ መስተዋቱ ግማሽ ደርሷል፣ ወንበሮቹ ላይ ዓሦች ፎጣ አንገታቸው ላይ አስረው ተቀምጠዋል። «አሳጥርልኝ» ይላል አንዱ። ምኑን እንደማሳጥርለት ሳፈላልግ ነቃሁ። በጣም ደስ የሚል ሕልም ነበር፣ እሱ ነው ያሳፈረኝ።

18፣ ሰኞ

ጠዋት ኩሬ፣ ቀን ሱቅ፣ ማታ ሆስፒታል። ሱቅ ውስጥ የማስበው ኩሬውን ነው። ሆስፒታል ውስጥ የማስበውም ኩሬውን ነው። ኩሬው ዳር ግን የማስበው ድንቡሼን ነው፣ ይህን ማን ያምነኛል።

አያ ጢሞ ዝንብ ንቋል። የሚበላው ሾላ ብቻ ነው። ፍሬዋ ጠብ ከማለቷ ከየትም ይመጣል። እንግዲያው ሾላ እሠራለሁ።

19፣ ማክሰኞ

የባለቤቴ ሹራብ ቀለሙ የበሰለ ሾላ ነው። ከእጅጌው ጫፍ ትንሽ ክር መዘዝኩ፣ መንጠቆ ላይ ጠመጠምኩት፣ በመቀስ ዙሪያውን እንደ ሕፃን ጭንቅላት አስተካከልኩት። እሾሁን ደፈጠጥኩ። ደርዘን ያህል ሠርቼ ብርጭቆ ውስጥ ጣልኳቸው። አንዷ በትክክል ጠብ አለች።

ዛሬ ሱቅ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን አምጥታ ነበር። የልጁ ፀጉር ቁርጥ የድንቡሼን ነው፤ ቀለሙም ልስላሴውም። እናትየው ስልክ ስታወራ አንዲት ጥቅል ወረቀት ውስጥ አስገባሁ። ሆስፒታሉ ደረጃ ድረስ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ደረጃው መሀል ቆምኩ። እህቴ ወስዳ አፍንጫዋ ላይ ነው የምታደርጋት፣ ይህን አውቃለሁ፤ የሌላ ሰው ልጅ አሽትታ የራሷ ነው ብላ ልታለቅስባት ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም፣ ወይም እንዲህ ዓይነት ሰው ለመሆን ደረጃው በዛብኝ። ወረቀቱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት።

«ረሳኋት» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ትረሳለህ?» አለች።

20፣ ረቡዕ

አስተማሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ሳሙና ስቀባው፣ ከበስተኋላ ተራ የሚጠብቁት ሁለቱ የማልሰማ መስሏቸው ያወራሉ።

«የእህቱ ልጅ ሆስፒታል ተኝቶ እሱ ጠዋት ጠዋት ኩሬ ዳር ነው አሉ።»

«አንዳንድ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው።»

«ምን ልብ አለ፣ ልጅ ያልወለደ ሰው።»

አስተማሪው በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኔን ሸሸው። ምላጩን አስቀምጬ ውኃ ጠጣሁ። ከዚያ ሥራዬን ጨረስኩ፣ ሦስቱንም አስተካከልኳቸው። ጥሩ አድርጌ ነው ያስተካከልኳቸው፣ ያናድደኛል።

21፣ ሐሙስ

ባለቤቴ ሹራቧን ይዛ መጣች። እጅጌው ተተርትሯል። ስለ ሹራቡ የምትጮህ መስሎኝ ነበር።

«እህትህ ብቻዋን ናት» አለች። «ትናንት ሲስተሯ ፈልጋህ ነበር። መርፌው ከእጁ ወጥቶ እግሩ ላይ ሊያደርጉ ሦስት ቦታ ወጉት። እህትህ አልጋው ዳር ቆማ የምታለቅሰው እኔ ላይ ነው። አንተ የት ነህ?»

«ኩሬ።»

«ለምን?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ሾላው ሊያልቅ ነው» አልኩ።

ሹራቧን ወንበሩ ላይ ጣለችው። ከዚያ ብርድ ልብስ አጥፋ ሆስፒታል ልታድር ሄደች። ቢጫዋ ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ። ራሴን መልካም ሰው አድርጌ ስንት ዓመት ኖርኩ። መልካም ሰው እንዲህ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ክር አይጠመጥምም።

22፣ ዓርብ

ትኩሳቱ አልወረደም። ሐኪሙ «እንጠብቅ» አለ። «እንጠብቅ» የሚለውን ቃል እንደዛሬ ጠልቼው አላውቅም።

ሾላው ላይ የቀሩት ፍሬዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

23፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት ኩሬዋ ላይ ጉም ነበር። ማዶ ያለው ዛፍ ሥሩ ጠፍቶ ቅርንጫፉ ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ድምፅ የለም። ጫማዬን አውልቄ እስከ ጉልበቴ ውኃው ውስጥ ገባሁ፤ ውኃው ከአየሩ ይሞቅ ነበር። የት ላይ አልቄ የት ላይ ውኃው እንደሚጀምር አላውቅም ነበር፣ እንዲህ ብዬ ብጽፍ ባለቤቴ ትስቅብኛለች፣ ግን እንደዚያ ነበር። ጠበቅኩ። እውነተኛ ሾላ ጠብ አለ። ከንፈሩ ወጣ። እኔም የሹራቧን ሾላ ከክቡ ጎን ጣልኩ።

ጠብ።

ሳባት።

ዘንጉ እስከ እጀታው ጎበጠ። አያ ጢሞ አይሮጥም፣ ይሄዳል፤ የሚሄድን ሽማግሌ ማስቆም ደግሞ የሚሮጥን ልጅ ከማስቆም ይከብዳል። ክሩን ሰጠሁት፣ መለሰልኝ፣ ወሰደ፣ መለሰ። ዘበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ ጎኔ መጥቶ ቆመ። ጉሙ ሲገለጥ ዓሣው አጠገባችን ነበር፤ ጎኑን አጋድሎ፣ ከአንድ ክንድ ትንሽ ራቅ ብሎ። በቀኝ ከንፈሩ የእኔ ሾላ። በግራው ያቺ ጥቅል፣ አረንጓዴ ለብሳ፣ ግን ሙሉ። አንዲት ዘለላ አልጎደለችም።

የደረት ኪሴ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሁለት እጄም ዘንጉ ላይ ነው። «ተወው» አልኩ። ዘበኛው ግን የሚጮህ ነገር አይወድም፤ ከኪሴ አውጥቶ ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ።

ባለቤቴ ናት። «የእጁም የእግሩም የደም ሥር ጠፋ» አለች። «መርፌውን ጭንቅላቱ ላይ ሊያደርጉለት ነው፣ መላጨት አለበት። ሲስተሯ ጀመረችና ቆረጠችው፣ ደማ። እህትህ አልጋው ላይ ተደፍታ ከጋሼ እጅ ሌላ አይነካውም ብላለች። መድኃኒቱ ቆሞ ነው ያለው። ስማ፣ ና።»

«ትንሽ ነው የቀረኝ» አልኩ።

«ምኑ?»

ዓሣው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ጥቅሏ ተከፈተች፣ ተዘጋች። ሙሉ በሙሉ እስኪደክምልኝ መጠበቅ ነበረብኝ፣ ከዚያ መረብ፣ ከዚያ ጉጠት። የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። እነዚያ ደቂቃዎች የእኔ እንዳልሆኑ ግን ገባኝ። ከሸሚዜ ኪስ ቀጭኗን መቀስ አወጣሁ፣ የጆሮ ዙሪያ የምሠራባትን። ክሩን ቆረጥኩት።

ዘበኛው «አበድክ?» አለ። ዘንጉን ጥዬለት ባዶ እግሬን ሮጥኩ፤ ጫማዬ ትዝ ያለኝ ታክሲ ውስጥ ነው።

ሲስተሯ እግሬን አይታ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ሰጠችኝ። እጄን እስከ ክንዴ ታጠብኩ። ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙና፣ አዲስ ምላጭ። በዚህ ሥራ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፣ እንደዛሬ ግን ፈርቼ አላውቅም። ጭንቅላቱ እንደ ምጣድ ይግላል። ቆዳው ሥር የደም ሥሩ ጣቴን ትመታኛለች። እህቴ በሁለት እጇ ጉንጮቹን ያዘች፣ ባለቤቴ እግሮቹን። በጆሮው፣ ሱቅ ውስጥ ለሕፃናት የማወራውን አወራሁለት፤ ምን እንዳወራሁ አላስታውስም። አልተንቀሳቀሰም። ከጆሮው በላይ መዳፍ የምታህል ቦታ አጸዳሁለት። የበቀለችው ፀጉር ከአቧራ አትበልጥም፣ ከፎጣው ጋር ሄደች። ሲስተሯ መርፌዋን አንድ ጊዜ ብቻ ሞከረች። ገባ። ጠብታው መውረድ ጀመረ።

ባለቤቴ ጫማዬን ልትፈልግ ወጣች። ይመስለኛል ሆን ብላ ነው። እህቴና እኔ አልጋው ግራና ቀኝ ተቀመጥን።

«ጋሼ» አለች። «ጥቅሏ የለችም አይደል?»

«አለች።»

«የት?»

«ዓሣ አፍ ላይ።»

ነገርኳት። ብርጭቆውን፣ እሾሁን፣ ሾላውን፣ ደረጃው ላይ የጣልኩትን የሰው ፀጉር፣ ሁሉንም። ለምን እንደወሰድኳት ስትጠይቀኝ «ውኃ ውስጥ ለማየት» ልል ነበር፤ «የእኔ የሆነ ነገር ፈልጌ ነው» የሚል ወጣ። እንደዚያ ማሰቤን ራሴም አላወቅኩም።

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አስለቀስኳት ብዬ ተነሣሁ። እየሳቀች ነበር። ካስተኙት ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም። «ዓሣ!» አለች፣ «ዓሣ አፍ ላይ!»፤ ሲስተሯ ከወዲያ ዞራ እስክታየን ሳቀች። ከዚያ ሳቁ አለቀና ዓይኗን ከጠብታው ላይ ሳታነሣ ጠየቀችኝ።

«ትልቅ ነው?»

በክንዴ አሳየኋት።

«ያረጀ ነው?»

«ዘበኛው ሲቀጠር ነበር ይላል።»

«ስንት ዓመት ይኖራሉ?»

«ካርፕ? ካልነኩት የሰው ዕድሜ ያህል ይኖራል ይባላል።»

የድንቡሼን ጣቶች በአንድ ጣቷ አንድ በአንድ ዘረጋጋቻቸው።

«እንግዲያው እንዳትይዘው» አለች። «እዚያው ይኑርለት።»

26፣ ማክሰኞ

ትኩሳቱ ወረደ። ጡት ጠባ። ሲስተሯ አንድ በኩል የተላጨውን አይታ «ሌላውንም አስተካክልለት እንጂ፣ የሱቅህን ስም ታጠፋለህ» አለችኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

8፣ እሑድ

ድንቡሼ ቤቱ ከገባ ሰነበተ። አባቱም መጥቷል። የልጁ ጉንጭ ገና ነው፣ ግን በመንገድ ላይ ነው።

ለባለቤቴም የጥቅሏን ነገር ነግሬያት ነበር፤ ዛሬ «ኩሬህን አሳየኝ» አለች። እስከ ዛሬ እግሯ ረግጦት አያውቅም። ሾላው አልቋል፣ ስለዚህ በፌስታል ዳቦ ያዘች። የተተረተረውን ሹራብ እጅጌውን አጥፋ ለብሳዋለች። ዘበኛው ወንበሩን ለቀቀላት፤ ለእኔ ለቆልኝ አያውቅም።

ዳቦውን እየቆራረሰች ጣለች። ትንንሾቹ መጡ፣ ተሻሙ፣ ሄዱ። ቆይቶ ከሥር ጥላው ወጣ። በቀኝ በኩል የእኔ ሾላ ወልቃለታለች። በግራው ጥቅሏ አለች።

«እሱ ነው?» አለች።

«እሱ ነው።»

ከወንበሩ ወርዳ ዳሩ ላይ ተንበረከከች። አያ ጢሞ አንድ ቁራሽ ዋጠ፣ ዞረ፣ ተመልሶ መጣ፣ ሌላ ዋጠ። ዳቦው አልቆ ፌስታሉን እስክታራግፍ ድረስ ዓይኗን ከከንፈሩ ላይ አልነቀለችም።

«አምሮበታል» አለች።